ከ19 ድልና ከ31 ሽንፈት የተነሣው ናሽናልስ ሂውስተንን ማሸነፍ ይችላል ወይ?

የዘጠነኛው ጎዳና ሰው — ኦክቶበር 20 ቀን 2019

የተከበራችሁ የቤዝቦል ወዳጆች፣ ትናንት ሌሊት ሆሴ አልቱቬ በዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር) በመታት ሆምራን (ከሜዳ አልፋ በምትወጣ ምት) ሂውስተን አስትሮስ ያንኪስን ስላሰናበተ የወርልድ ሲሪሱ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን የሚወስድበት የፍጻሜ ፍልሚያ) ተጋጣሚዎች ታውቀዋል። የእኛው ዋሽንግተን ናሽናልስ ማክሰኞ ማታ ሂውስተን ላይ ይጀምራል። ጋዜጠኛውም አቋማሪውም ከወዲሁ ዋንጫውን ለሂውስተን አስረክቦታል። ለምን እንደዚያ እንዳለ ይገባኛል፤ እነርሱ 107 ጨዋታ አሸንፈው መጡ፣ እኛ ደግሞ 93 ብቻ። ሜይ ወር ላይ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን በነበረበት ሰሞን አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር ብለው ከጮኹት መካከል እኔም አንዱ ነበርኩ፤ አልክድም።

ይሁን እንጂ 107 የሚለው ቁጥር የሚለካው ምኑን ነው? መደበኛው የውድድር ዘመን በስድስት ወር ውስጥ የሚደረግ 162 ጨዋታ ነው። ዕረፍት የለም ማለት ይቻላል፤ አምስት ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ተራ እየጠበቁ ጨዋታ ይከፍታሉ፣ ከዚያም እስከ ቡልፔኑ (በጨዋታው መሐል ተቀይረው የሚገቡት ፒቸሮች) የመጨረሻ ሰው ድረስ ሁሉም ክንዱን ማሠራት አለበት። በዚያ ፈተና የሚያሸንፈው ጓዳው ሙሉ የሆነ ቡድን ነው። የእኛ ጓዳ ደግሞ ባዶ ነበር፤ ቡልፔናችን በናሽናል ሊግ ካሉት ሁሉ የባሰው ሆኖ ነው ዓመቱን የጨረሰው። ወርልድ ሲሪስ ግን ቢበዛ ሰባት ጨዋታ በዘጠኝ ቀን ሲሆን በመካከሉም የጉዞ ቀን አለ። ማክስ ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግና ፓትሪክ ኮርቢን ከጨዋታዎቹ አብዛኛውን ድርሻ መወርወር ይችላሉ፣ አኒባል ሳንቼዝም አለ፤ ለመዝጋት ሾን ዱሊትልና ዳንኤል ሃድሰን ከተጨመሩ ስድስት ሰዎች ይበቃሉ። ማርቲኔዝ እስከ ዛሬ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ጓዳችን ባዶ መሆኑን ሳያስነቃ ሰባት ጨዋታ ማለፍ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ሂውስተን ነዋሪ — ኦክቶበር 20 ቀን 2019

ወንድሜ፣ አቀራረብዎ ሚዛናዊ ስለሆነ በአክብሮት እመልስልዎታለሁ። እኔ ሂውስተን ከገባሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በ2017 ዋንጫውን ስናነሣም እዚሁ ነበርኩ። ትንታኔዎ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ አጭሩ ፍልሚያ የሚጠቅመው ምርጥ ፒቸሮች ያሉትን ቡድን ከሆነ እኛን የበለጠ ይጠቅማል። ገሪት ኮል በዚህ ዓመት 326 መቺዎችን በስትራይክአውት (ኳሷን ሳይመቱ በማስወጣት) አሰናብቷል፣ ከሜይ 22 ወዲህም አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸነፈም። ጀስቲን ቨርላንደር 21 ጨዋታ አሸንፎ 300 መቺዎችን አሰናብቷል። ሦስተኛው ዛክ ግሬንኪ ነው። የእናንተን ሦስት በእኛ ሦስት ካጣፋን የሚቀረው መቺው ነው፤ የእኛ መቺዎች ከሠላሳው ቡድን ሁሉ ያነሰ ስትራይክአውት ያላቸው ናቸው። በሜዳችን 60 አሸንፈን የተሸነፍነው 21 ብቻ መሆኑንም አይርሱት።

በተጨማሪም ናሽናልስ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስን በአራት ጨዋታ ጠርጎ ካሰናበተበት ከኦክቶበር 15 ጀምሮ ቁጭ ብሏል። ለስድስት ቀን ኳስ ያላየ መቺ ኮልን ፊት ለፊት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ማክሰኞ እናያለን።

ከገርጂ — ኦክቶበር 21 ቀን 2019

እኔ ይህን ጨዋታ የምከታተለው ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ እያስተማረኝ ስለሆነ አላዋቂ ጥያቄ ብጠይቅ ይቅርታ ይደረግልኝ። በእግር ኳስ እንደምናውቀው ደካማው ቡድን ተስፋ የሚኖረው በአንድ ጨዋታ ብቻ በሚለይበት የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ነው፤ ሰባት ጨዋታ ከተጫወቱ ግን ጉልበት ያለው መለየቱ አይቀርም። ሌስተር ሲቲ በ2016 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ዓለም የተደነቀውም ያንን ያደረገው በ38 ጨዋታ ስለነበር ነው። ታዲያ ሰባት ጨዋታ ለናሽናልስ እንዴት ሊጠቅመው ይችላል?

ቁጥር ወዳድ — ኦክቶበር 21 ቀን 2019

ጥያቄዎ የአላዋቂ አይደለም። ቤዝቦል ከእግር ኳስ የሚለይበት ዋናው ነገር በአንዲት ጨዋታ ውስጥ የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት በጣም ጠባብ መሆኑ ነው፤ ከሁሉ የበለጠው ሂውስተን እንኳ ከሦስት ጨዋታ አንዱን ይሸነፋል። ናሽናልስ እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 40 ነው ብንል ከሰባቱ አራቱን የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 29 ይሆናል። ጨዋታውን የሚከፍቱት ፒቸሮች ያንን ወደ 45 ከፍ ካደረጉት ደግሞ ወደ 39 ይደርሳል። እንግዲህ የተባለው ሁሉ ተባለና ጉዳዩ ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ከሦስት አንድ ተአምር አይባልም፤ ዝናብ ይዘንባል ተብሎ ጥላ የሚያዝበት ቁጥር ነው።

ታክሲ ነጂው — ኦክቶበር 21 ቀን 2019

የወንድማችንን ስሌት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን እዚህ የደረስነው በስሌት አይደለም። ኦክቶበር 1 ከሚልዋኪ ብሩወርስ ጋር ያደረግነው የዋይልድ ካርድ (ወደ ጥሎ ማለፉ የሚያስገባ ማጣሪያ) ጨዋታ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ሳለ ሊጉ ከሚፈራቸው ጨዋታ ዘጊዎች አንዱ የሆነው ጆሽ ሄደር ሊወረውር መጣ። የሃያ ዓመቱ ልጅ ሁዋን ሶቶ ወደ ቀኝ ሜዳ መታት፣ ኳሷም በተከላካዩ ጓንት ሥር ሾልካ አለፈች፤ ሦስት ሰው ገባ፣ 4 ለ 3 አሸነፍን። ያች ኳስ በቀጥታ ጓንት ውስጥ ብትገባ ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ የምንጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ለወጣቶቹ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህች ከተማ ወርልድ ሲሪስ ካየች 86 ዓመቷ ነው፤ ዋንጫ ያነሣችው ደግሞ አንድ ጊዜ፣ በ1924 ነው። የተጫወቱትም ግሪፊዝ ስታዲየም ሲሆን ቦታው ዛሬ የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመበት ነው፤ ማለትም ከምግብ ቤቶቻችን ከዘጠነኛው ጎዳና በእግር የሚደረስ። ሰባተኛው ጨዋታ እስከ አሥራ ሁለተኛው ኢኒንግ ሄዶ የተወሰነው መሬት ላይ የምትሄድ ተራ ኳስ ጠጠር መትታ በኒው ዮርኩ ተከላካይ ራስ ላይ ስለዘለለች ነው። ይህን የነገሩኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ተሳፋሪ ናቸው፤ ቤቴ ገብቼ ሳጣራ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። በ1924 ጠጠር፣ ዘንድሮ ጓንት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉም ተባብሮ ነው የመጣው።

የሌሊት ተረኛዋ — ኦክቶበር 21 ቀን 2019

ጋሽ ታክሲ ነጂው፣ ታሪኩን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ፤ በተረቱ ግን አልስማማም። በዚህ ጨዋታ ፒቸሩ ኮረብታዋ ላይ ብቻውን ይቆማል፣ መቺውም ብቻውን ይጠብቃል፤ ድሩ የሚያብርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር የተደረገውን አምስተኛውን ጨዋታ አስታውሱ። ዶጀርስ 106 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ሲሆን በስምንተኛው ኢኒንግ 3 ለ 1 እየመራ ነበር። ክሌይተን ከርሾውን የሚያህል ሰው ገብቶ አንቶኒ ረንዶን አንድ ሆምራን መታበት፤ በቀጣይዋ ኳስ ደግሞ ሶቶ ደገመው። በአሥረኛው ኢኒንግ ሦስቱም ቤዝ (የሯጮች መቆሚያ) ሞልቶ ሳለ ሃዊ ኬንድሪክ አራት ሰው ያስገባውን ሆምራን መታ። እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ያደረጉት ነው።

ዕድል ብቻ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ረንዶን በዚህ ዓመት በምቱ 126 ራን (ነጥብ) በማስመዝገብ ከሁለቱም ሊግ አንደኛ ነው። ይህ ቡድን ከሜይ መጨረሻ ወዲህ ያለውን ብቻ ብንቆጥር 74 አሸንፎ የተሸነፈው 38 ነው። ደካማ የምንለው የትኛውን ነው? የሜዩን ወይስ የዛሬውን? ከመጀመሪያዎቹ አምሳ ጨዋታዎች ላይ ቆመን የምንፈርድ ከሆነ ታካሚ ድኖ ከወጣ በኋላ የገባበትን ቀን ካርድ እንደ ማንበብ ነው።

ሞንትሪያል ያለሁ — ኦክቶበር 22 ቀን 2019

74 የሚለውን ቁጥር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የናሽናልስ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የማታስታውሱት ነገር ይህ ቡድን እስከ 2004 ድረስ የእኛው ሞንትሪያል ኤክስፖስ መሆኑን ነው። በ1994 ኤክስፖስ 74 አሸንፎ 40 ተሸንፎ ከሁሉም ቡድን በላይ ተቀምጦ ሳለ ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱና ወርልድ ሲሪሱ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ። እኔ ያኔ አዲስ መጤ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም በቅጡ ሳልችል ኦሎምፒክ ስታዲየም ርካሹ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ጨዋታውን የተማርኩት። ያ ቡድን ከዚያ በኋላ ተበተነ፣ በመጨረሻም ሄደ።

ስለዚህ ለማን እንደምደግፍ ስጠየቅ መልሱ ይቸግረኛል። የወሰዱብንን ልጅ ሠርግ እንደ ማየት ነው። ብቻ ስለ ዕድሉ ከተጠየቅኩ፣ አንደኛ ሆኖ መጨረስ ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

የዘጠነኛው ጎዳና ሰው — ኦክቶበር 24 ቀን 2019

ሁለት ጨዋታ፣ ሁለት ድል፤ ያውም በእነርሱ ሜዳ። መጀመሪያ ኮልን 5 ለ 4፣ ትናንት ደግሞ ቨርላንደርን 12 ለ 3። ስድስት ቀን ቁጭ ብለዋል የተባሉት መቺዎች ኮል ላይ አምስት ራን አስመዘገቡ። ከ2005 ጀምሮ ከዚህ ክለብ ያልተለየው ራያን ዚመርማን በወርልድ ሲሪስ የመጀመሪያዋን የናሽናልስ ሆምራን መታ፤ ሶቶ የመታት ደግሞ በግራ ሜዳ በኩል እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ ሄደች።

ከውጤቱ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው ግን አሠልጣኙ ያደረገው ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ሸርዘር አምስት ኢኒንግ ውስጥ 112 ኳስ ወርውሮ ሲደክም ስድስተኛውን የወረወረው ጨዋታ የሚከፍተው ኮርቢን ነው። ባዶው ጓዳ እንዳይከፈት የግቢውን በር ሁሉ እየዘጋ ነው የሚሄደው። በሰባተኛው ኢኒንግ ታነር ሬኒን ሲያስገባ ጆርጅ ስፕሪንገር ወዲያውኑ ሆምራን መታበት፤ በሩ ትንሽ ሲገለጥ የሚሆነውን አይታችኋል። ስለዚህ ከወዲሁ አትጨፍሩ።

ሂውስተን ነዋሪ — ኦክቶበር 24 ቀን 2019

ኮል ላይ የሆነውን አልጠበቅኩም፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ነገር ግን አሁን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ዋሽንግተን ላይ ነው፣ ኮርቢንም ከተራው ውጭ ስለ ወረወረ ክፍያው በአራተኛው ጨዋታ ላይ ይመጣል። ጓዳው እንዳይከፈት ከሳሎን ዕቃ እየወሰዱ መጠቀም ሳሎኑንም ባዶ ያደርገዋል።

ታክሲ ነጂው — ኦክቶበር 28 ቀን 2019

4 ለ 1፣ 8 ለ 1፣ 7 ለ 1። በሜዳችን በሦስት ጨዋታ ያገኘነው ሦስት ራን ነው፤ እነርሱ 19። አራተኛው ጨዋታ ላይ አሌክስ ብሬግማን ቤዞቹ ሞልተው ሳለ ሆምራን ሲመታ መኪናዬ ውስጥ ሬዲዮውን አጠፋሁት። ትናንት ከስታዲየማችን ሰፈር ከኔቪ ያርድ ደጋፊዎችን ሳመላልስ ከአራት ጉዞ በአንዱም ተሳፋሪ ቃል አልተነፈሰም፤ ጉርሻ ግን ሰጥተዋል፣ እግዜር ይስጣቸው።

ሸርዘር ደግሞ አንገቱ ተይዞ አምስተኛውን ጨዋታ መክፈት አልቻለም፤ ከአልጋ ለመነሣትና ልብስ ለመልበስ እንኳ ሰው ረድቶታል ተብሏል። በእርሱ ፈንታ ጆ ሮስ ገባ። ወንድማችን ከሂውስተን ስለ ሳሎኑ የተናገረው ደረሰ። እኔ በበኩሌ ጨርሻለሁ።

ቁጥር ወዳድ — ኦክቶበር 28 ቀን 2019

ጋሼ፣ አሁን የቀረው ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ማሸነፍ ነው። እያንዳንዱ ከመቶ 40 ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ 16 ይሆናሉ፤ ነገ ስትራስበርግ ስለሚወረውር ያንን 50 ብናደርገው ደግሞ 20። ትንሽ ነው፣ ግን ሜይ ላይ ከነበረው ይበልጣል። ሁለቱም ጨዋታዎች ሂውስተን ላይ መሆናቸው እንዳያስፈራችሁ፤ እስካሁን ከተደረጉት አምስት ጨዋታዎች ባለሜዳው ያሸነፈው አንድም የለም።

የሌሊት ተረኛዋ — ኦክቶበር 28 ቀን 2019

ስለ ሸርዘር ሁላችሁም ስለ ጠየቃችሁኝ በሙያዬ የማውቀውን ያህል ብቻ እናገራለሁ፤ ሰውየውን አላየሁትም። የኮርቲዞን መርፌ ተወግቷል። መርፌው የተቆጣውን አካባቢ ያረጋጋል እንጂ ጉዳቱን አያጠፋም፤ ለአንዱ በሁለት ቀን፣ ለሌላው በሳምንት ይሠራለታል። አንገት የተያዘበት ታካሚ መኪና ሲነዳ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ይቸግረዋል። ይህ ሰው ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ሰውነቱን አዙሮ መቶ ጊዜ መወርወር ይጠበቅበታል። ረቡዕ ይወረውራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል፤ እንደ ቀድሞው ይወረውራል ብሎ መቁጠር ግን አይቻልም።

የዘጠነኛው ጎዳና ሰው — ኦክቶበር 30 ቀን 2019፣ ጧት

7 ለ 2። ስትራስበርግ ትናንት ማታ ስምንት ኢኒንግ ጨርሶ በዘጠነኛውም አንድ ሰው አስወጥቶ ወረደ። ቡልፔኑ የደረሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዎች ለማስወጣት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጠየቅኩት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ሊያገኝ አይችልም፤ ጓዳው ባዶ ከሆነ እንግዳውን ሳሎን ላይ አቆይቶ መሸኘት ነው።

በሰባተኛው ኢኒንግ ዳኞች ትሬ ተርነር ሩጫውን ከመስመሩ ውጭ አድርጓል ብለው ሲያስወጡት ቤቴ ውስጥ የነበርነው ሁላችን ተነሥተን ጮኽን፤ ማርቲኔዝም እስኪባረር ድረስ ተከራከረ። ሆኖም በዚያው ኢኒንግ ረንዶን ሆምራን መትቶ ክርክሩን ከንቱ አደረገው። ብቻውን አምስት ራን አስመዝግቧል። እህታችን የሌሊት ተረኛዋ በዚህ ጨዋታ ድር አያብርም ያለችው ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ሂውስተን ነዋሪ — ኦክቶበር 30 ቀን 2019

በስድስቱም ጨዋታ እንግዳው ቡድን አሸነፈ፤ እንዲህ ያለ ነገር በወርልድ ሲሪስ ታሪክ አልታየም። ዛሬ ግን ግሬንኪ ይከፍታል። ኳሱ ፈጣን አይደለም፣ ነገር ግን መቺውን በአሳብ የሚያደክም ሰው ነው፤ ከኮረብታዋ ወርዶ ኳስ በመያዝም ቢሆን ተደጋጋሚ የወርቃማ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) ተሸላሚ ነው። በእናንተ በኩል ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ክንዱን ማንሣት ያቃተው ሸርዘር አለ። ግሬንኪ ቢደክም ኮል ቡልፔን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። እሑድ 110 ኳስ ቢወረውርም ለአንድ ወይም ለሁለት ኢኒንግ ይበቃል። አሁንም ቢሆን ከእናንተ እኛ እንሻላለን፤ ልዩነቱ ከሳምንት በፊት እርግጠኛ ሆኜ የጻፍኩትን ዛሬ እየተጠራጠርኩ መጻፌ ነው።

የዘጠነኛው ጎዳና ሰው — ኦክቶበር 30 ቀን 2019

ስለ ኮል ያሉት ትክክል ነው፣ ግን አሠልጣኙ ኤ ጄ ሂንች መቼ እንደሚያስገባው ነው ጥያቄው። ግሬንኪ በጥሩ ሁኔታ እየወረወረ ከሆነ ማን ያወጣዋል? ዓመቱን ሙሉ ጓዳው የሞላለት አሠልጣኝ በሩን የሚከፍትበት ብዙ ምርጫ አለው፤ ምርጫ የበዛለት ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ማርቲኔዝ ምርጫ የለውም። ሸርዘር እስከ ቻለ ይወረውራል፣ ሲደክም ኮርቢን ይገባል፣ ሃድሰን ይዘጋል። ሦስት ሰው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እኔ ዛሬ በዚያ እወራረዳለሁ።

ታክሲ ነጂው — ኦክቶበር 30 ቀን 2019

ሰኞ ዕለት ጨርሻለሁ ያልኩትን አንሥቻለሁ። ዛሬ ማታ ሥራ አልገባም።

ከገርጂ — ኦክቶበር 30 ቀን 2019

እዚህ አዲስ አበባ ጨዋታው የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ማንቂያ ደወል ሞልቼ እተኛለሁ። ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ አስረዱኝ፤ በግራና በቀኝ ሜዳ ጫፍ ላይ የቆሙት ረጃጅም ቢጫ ምሰሶዎች የፎውል ምሰሶ ይባላሉ ብሎ ወንድሜ ነግሮኛል። መቺው የመታት ኳስ ምሰሶውን ራሱን ብትነካ ውጭ ወጣች ማለት ነው?

የሌሊት ተረኛዋ — ኦክቶበር 30 ቀን 2019

ስሙ አሳስቶዎት ነው፤ እኔንም ለብዙ ጊዜ አሳስቶኝ ነበር። ምሰሶውን በአየር ላይ ሄዳ የነካች ኳስ ሆምራን ናት።